የማጠፋው ሰውዬ

ሥራዬ ሰማይ መቀየር ነው። አትሳቁ፣ እውነቴን ነው። የሚሸጥ ቤት ፎቶ ይላክልኛል፤ ሰማዩ ደፍርሶ ከሆነ አጠራዋለሁ፣ የተንጋደደ ግድግዳ አቀናለሁ፣ የጨለመ ሳሎን አበራለሁ፣ ከሶፋ ሥር ብቅ ያለች ካልሲ ካለች ድራሿን አጠፋለሁ። ክፍሉ ባዶ ከሆነ ደግሞ ከኮምፒውተሬ ውስጥ አልጋ አውጥቼ አነጥፋለሁ፣ ጠረጴዛ አስቀምጣለሁ፣ መጋረጃ እሰቅላለሁ። የሚያፈስ ጣሪያና የተሰነጠቀ ግድግዳ ግን አልነካም። ማሳመር ሌላ፣ ማታለል ሌላ። እናቴ ይህን ስትሰማ ምን እንደምትል ታውቃላችሁ? "የሰው ቤት እንዲህ የምታሳምሪ፣ የራስሽን አልጋ መቼ ነው የምታነጥፊው?"

የምንኖረው እኔና እሷ ብቻ ነን፣ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ። ኮምፒውተሬ ከስፌት መኪናዋ ጎን ነው። እሷ ትሰፋለች፣ እኔ አጠፋለሁ። ዓይኗ ግን ከጨርቁ ይልቅ የእኔ ስክሪን ላይ ነው የሚውለው። የሰው ጓዳ ማየት ትወዳለች፤ ማን ሀብታም እንደሆነ፣ ማን ሊፋታ እንደሆነ፣ የማን ልጅ ግድግዳ ላይ እንደሚጽፍ ከፎቶው ትነግረኛለች። ተሳስታም አታውቅም፣ ያ ነው የሚያናድደኝ።

ሥራውን የሚሰጠኝ ደላላው ነው። አጭር፣ ፈጣን፣ በሁለት ስልክ በሁለት ጆሮው የሚያወራ ሰው ነው። ክፉ አይደለም፣ ግን አንድ የማይሻር ሕግ አለው፤ ፎቶ የሚያነሳውና ፎቶ የሚያስተካክለው አይተዋወቁም። "እናንተ ከተዋወቃችሁ እኔ ምን ልሠራ ነው?" ይላል። ያለ እሱ ሥራ እንዳንጀምር ይፈራል። ስለዚህ ፎቶው መጀመሪያ ለደላላው ይደርሳል፣ እሱ አንድ በአንድ ያየዋል፣ ከዚያ ለእኔ ይልከዋል። እኔ አስተካክዬ የሽያጭ ገጹ ላይ እለጥፈዋለሁ። የባለካሜራውን ስሙንም ስልኩንም አላውቅም ነበር።

ጉልበቱን ግን አውቀው ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤት ፎቶ ሲነሳ አንድ ጣጣ አለ፤ መስታወት። መታጠቢያ ቤት መስታወት አለ፣ ቁምሳጥን ላይ መስታወት አለ፣ መግቢያው ላይ መስታወት አለ። ባለካሜራው የቱንም ያህል ቢሸሽ አንዱ ጋ መያዙ አይቀርም። ደላላው ደግሞ "ገዢ መስታወት ሲያይ ራሱን ነው ማየት ያለበት፣ ሌላ ሰው ካየ ቤቱ የሰው ሆኖ ይሰማዋል" ስለሚል፣ የተያዘውን እያደንኩ አጠፋለሁ። መጀመሪያ የማጠፋው ጉልበቱን ነበር። ሁልጊዜ ያ ጉልበት! እናቴ "ባለጉልበቱ" ብላ ስም አወጣችለት። ቀጥሎ ክርኑ መጣ፣ ከዚያ ትከሻው፣ ከዚያ ለብዙ ጊዜ ያላሰረው የጫማ ክር። እንዲህ እንዲህ እያለ ሰውዬው ቀስ በቀስ ተሰበሰበ፤ አንድ ቀን ከአንድ መታጠቢያ ቤት መስታወት ውስጥ ሙሉ ፊቱ ብቅ አለ። ካሜራው በራሱ እንዲያነሳ አድርጎ መሸሽ ረስቷል መሰለኝ። ከግራ ቅንድቡ በላይ ትንሽ ጠባሳ ነበረችው፣ ፊቱ ደግሞ የተያዘ ሌባ ፊት ነበር።

እናቴ የስፌት መኪናዋን አቆመች። "ይሄን ልታጠፊው ነው?"

"ሥራዬ ነው እማዬ።"

"የሰው ልጅ እኮ ነው!"

አጠፋሁት። ግን አልዋሽም፣ ከማጥፋቴ በፊት ረዘም ላለ ጊዜ አየሁት።

ከዚያ በሚቀጥለው ቤት እጁን አውለበለበ። በኮሪደሩ መስታወት ውስጥ፣ ከካሜራው ጀርባ ቆሞ፣ ጣቶቹን ብቻ። ለማን? ባለቤቶቹ ለቀው ወጥተዋል፣ ቤቱ ባዶ ነው። ደላላው የሚያየው በችኮላ ነው፣ ያውም በስልክ። መስታወት ውስጥ ድረስ ገብቶ እያጎላ የሚያይ ከእኔ በቀር ማን አለ? ልቤ ዘለለች። ለእኔ ነው! የማያውቀኝ ሰው ለእኔ ሰላም አለ!

እንዴት ልመልስ? ስልክ የለኝ፣ ስም የለኝ። ያለኝ የዚያ ቤት ባዶ ሳሎን ነው። ሁልጊዜ የማስቀምጠውን ጠረጴዛ አስቀመጥኩ፣ ሁልጊዜ ጠረጴዛው ላይ የማኖረውን የፍራፍሬ ሳህን ተውኩና ቢጫ አበባ የሞላው የአበባ ማስቀመጫ አኖርኩበት። ባለካሜራ የራሱ ፎቶ ተስተካክሎ ሲወጣ እንደሚያይ አውቃለሁ፤ የማያይ የለም። ለጠፍኩት። ጥፍሬን እየበላሁ ቆየሁ።

የሚቀጥለው ቤት ፎቶ ሲመጣ ሳሎኑንም ኩሽናውንም ዘልዬ በቀጥታ ወደ መስታወቱ ሄድኩ። ሸሚዙ ደረት ኪስ ውስጥ ቢጫ አበባ ሰክቷል።

ከወንበሬ ተነስቼ ጨፈርኩ።

"ቤቱ ተሸጠ?" አለች እናቴ።

"እማዬ መለሰልኝ! መለሰልኝ እኮ!"

ከዚያ ወዲያ ሥራ ሥራ አልመስል አለኝ። እሱ በመስታወት ይልካል፣ እኔ በዕቃ እመልሳለሁ። ዝናብ ያበሰበሰው ቀን ከፀጉሩ ውሃ እየተንጠባጠበ ትከሻውን ወደ ላይ ነቀነቀ፤ እኔ ሰማዩን እንደ ሕጉ ሰማያዊ አደረግኩለትና መግቢያው ላይ ጃንጥላ አቆምኩ። ደክሞት መታጠቢያ ገንዳው ጠርዝ ላይ ቁጭ ያለ ቀን መኝታ ቤቱ ውስጥ ያለኝን ትልቁን ትራስ አኖርኩ። ደላላው "ይሄ ቤት ምነው ዕቃው በዛ?" ሲለኝ "ዘመናዊ ነው" አልኩት። ዘመናዊ ከተባለ አይከራከርም።

እናቴ በበኩሏ ምርመራዋን ቀጠለች። "እጅጌው ተተርትሯል፣ እይው። ይሄን ስንት ጊዜ አየሁት፣ አንድም ቀን አልተሰፋም። ሚስት የለውም።"

"ሚስት ቢኖረውስ የግድ እሷ ናት የምትሰፋለት?"

"እናትም የለችውም ማለት ነው" አለች፣ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ። ከዚያ በኋላ ባለጉልበቱ ማለቱን ትታ "ያ ልጅ" ትለው ጀመር። "ያ ልጅ ዛሬ አልመጣም?" "ያ ልጅ አልከሳም?" አንድ ጊዜ ደግሞ "ለምን ወረቀት ላይ ስልኩን ጽፎ አያሳይሽም?" አለችኝ። ደላላው ፎቶ ላይ ቁጥር ካየ እንደማይለቅ ነገርኳት። የቤት ቁጥር እንኳ አጉልቶ ነው የሚያየው፤ ወረቀት ቢያይማ ሁለታችንም አለቀልን።

እንዲህ ደስ ብሎኝ እየኖርኩ ሳለ ሐሙስ ዕለት ደላላው ደወለ። "ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ አዲስ ባለካሜራ ነው የሚያነሳልን፤ ፎቶው ሌላ ዓይነት ቢሆንብሽ እንዳትደነግጪ።"

"ያኛውስ?"

"ሌላ ከተማ ሥራ አግኝቷል። ቅዳሜ ከሰዓት ይሄዳል። ምን አገባሽ?"

"ምንም" አልኩ። አንድ ጊዜ እንኳ ድምፁን ሳልሰማ ሊሄድ ነው። የማውቀውን ሰው ሁሉ ባሰልፍ እንደ እሱ ያሳቀኝ የለም፣ ስሙን ግን አላውቅም። አለቀሰች እንዳትሉኝ፣ አላለቀስኩም፤ ተናደድኩ።

ከሰዓት በኋላ የመጨረሻው ቤት ፎቶ መጣ። ፎቅ ቤት ነው፣ ደላላው ቅዳሜ ሙሉ ቀን ለገዢዎች ክፍት አድርጎ የሚያሳየው። በቀጥታ ወደ መኝታ ቤቱ ፎቶ ሄድኩ። የቁምሳጥኑ መስታወት ውስጥ ሙሉ ቁመናውን ቆሟል፣ ከካሜራው ጎን፣ ምንም ሳይሸሸግ። በአንድ እጁ የግድግዳ ሰዓት ደረቱ ላይ ይዟል፤ ክብ፣ ቁጥር የሌለው፣ ሁለት ዘንግ ብቻ ያለው። በሌላው እጁ ጣት ወለሉን እያመለከተ ነው።

"እማዬ! ነይ እይ! ቅዳሜ፣ እዚህ ቤት፣ በዚህ ሰዓት እያለኝ ነው!"

እናቴ መነጽሯን አድርጋ ተጠጋች። "አራት ሰዓት" አለች። "ጠዋት በአራት። በይ ሰማያዊውን ቀሚስሽን ልተኩስልሽ።"

ሳቅኩባት። ያን ሳቅ ባልስቅ ይሻለኝ ነበር። "መስታወት እኮ ነው እማዬ! መስታወት ቀኙን ግራ ያደርጋል። መስታወት ውስጥ አራት ሆኖ የታየ ሰዓት እጁ ላይ ስምንት ነው። እይው።" ፎቶውን አንዴ ተጭኜ ገለበጥኩት፤ አጭሩ ዘንግ ከአራት ወደ ስምንት ዞረ። "አየሽ? ከሰዓት በስምንት ነው። እኔ እንጀራዬ መስታወት ነው፣ በመስታወት አልታለልም።"

እናቴ ክሯን በጥርሷ ቆረጠች። ከዚያ "አንቺ ይህን ሁሉ ካሰብሽ፣ እሱ አያስብም?" አለች።

"ምን ብሎ?"

"በመስታወት እንደምታዪው ያውቃል። ታዲያ ለአንቺ ቀጥ ብሎ እንዲታይሽ ሰዓቱን ራሱ አስቀድሞ ገልብጦት ቢሆንስ?"

"ወንድ እንዲህ አያስብም።"

"የሚወድ ያስባል። ካልሆነ በአራት ሂጂና እስኪመጣ ጠብቂ።"

"እስከ ስምንት ሰዓት ሰው ቤት ተገትሬ? ደላላው ቢያየኝስ? ደግሞ ጠዋት ፀጉሬን መሠራት አለብኝ።"

"ፀጉሯን!" አለች እናቴ ለስፌት መኪናዋ። "ምከረው፣ ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው።"

እሱን ከመስታወቱ አጠፋሁት፤ ለመጨረሻ ጊዜ ነው ብዬ ሳስብ እጄ እምቢ እያለኝ። በምትኩ ከኮምፒውተሬ አውጥቼ ካነጠፍኩት አልጋ አጠገብ ያለኝን ትልቁን የአበባ ማስቀመጫ አኖርኩ፣ ቢጫ በቢጫ አድርጌ። እሺ፣ እመጣለሁ ማለቴ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ፀጉር ቤት ስቀመጥ መሬት አልበቃ ብሎኝ ነበር። ፀጉር ሠሪዋ "ሠርግ ነው?" አለችኝ። "ቤት ልገዛ ነው" አልኳት። ቀሚሴ ተተኩሷል፣ ጫማዬ ተወልውሏል። መንገዱ ላይ ቀና ስል ሰማዩ ደመና ነው፤ ግራጫ፣ የተጨማደደ። ሥራ ከጀመርኩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ልቀይረው አላማረኝም።

ቤቱ በሩ ክፍት ነበር። ሳሎኑ እኔ ከለጠፍኩት በጣም ያንሳል፤ በሰፊ ሌንስ የተነሳ ክፍል ሁሉ እንደዚያ ነው። ደላላው ኩሽና ውስጥ ለአንድ ባልና ሚስት ስለ ቧንቧው እየማለ ስለነበር ሳያየኝ ደረጃውን ወጣሁ። ልቤ ከእኔ ቀድማ ላይ ደርሳለች። የመኝታ ቤቱን በር ከፈትኩ።

ማንም የለም። መስታወቱ ውስጥ አንዲት አዲስ ፀጉር የተሠራች ሴት ብቻ ቆማለች። ባዶው ወለል ላይ፣ እኔ አበባ ባኖርኩበት ቦታ ላይ፣ አንድ እውነተኛ ቢጫ አበባ ተቀምጧል። ጫፉ ጠውልጓል።

አንዲት ወለል የምትወለውል ሴትዮ ባልዲዋን ይዛ ገባች። "ያንን ልጅ ነው የምትፈልጊው? አዬ! ከጠዋቱ አራት ሰዓት ጀምሮ እዚህ ቁጭ ብሎ ነበር። በር በተንኳኳ ቁጥር እየተነሳ። አሁን በቅርቡ ነው የወጣው፣ አውቶቡስ እንዳያመልጠው ብሎ።"

አራት ሰዓት! ገልብጦልኝ ነበር። እኔ እንዳልቸገር ብሎ ሰዓቱን ስምንት አድርጎ ይዞ፣ መስታወቱ አራት አድርጎ እንዲያሳየኝ አስቦ። እኔ ደግሞ ብልጧ መልሼ ገለበጥኩት። ፀጉሬን በሁለት እጄ ያዝኩት፤ የተሠራውን ፀጉር!

ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለልኩ ወረድኩና ደላላው ፊት ቆምኩ። "የባለካሜራውን ስልክ ስጠኝ።"

"አንቺ? እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?"

"ስልኩን!"

"ሕግ ሕግ ነው" አለ፣ ለባልና ሚስቱ እየሳቀ። "ደግሞስ ሄዷል። ሰው ፊት አታዋርጂኝ።"

ለምን ይሆን እልህ ሲይዘኝ ነው ጭንቅላቴ የሚሠራው? ስልክ አላስፈለገኝም! እሱ የእኔን ፎቶ የሚያይበት ገጽ እጄ ላይ ነው። ተመልሼ ወጣሁ። አበባውን አንስቼ የቀሚሴ አንገት ላይ ሰካሁ፣ መስታወቱ ፊት ቆምኩ፣ በስልኬ አነሳሁ። አንዱን እጄን ወደ ወለሉ እያመለከትኩ። እዚህ ነኝ። ፎቶው ደብዛዛ ነው፣ ግድግዳው ተንጋዷል፣ መስኮቱ ውጭ ያለው ሰማይ ግራጫ ነው፤ መስታወቱ መሃል ደግሞ ሰው አለ። እስከዛሬ የሠራሁበት ሕግ ሁሉ እዚያች ፎቶ ላይ ፈርሷል። ይህን ከለጠፍኩ ነገ ሥራ የለኝም።

ያንን ያማረ ፎቶዬን ከገጹ አውርጄ ይህን ለጠፍኩ።

ብዙም አልቆየ፣ የደላላው ሁለት ስልኮች ከታች አንድ ላይ ጮኹ። እየተንደረደረ መጣ፣ ባልና ሚስቱ ከኋላው። "መስታወቱ ውስጥ የምን ሰው ነው እያሉኝ ነው! አንቺ ነሽ! አሁኑኑ አጥፊው!"

"አላጠፋም።"

"ትባረሪያለሽ!"

"ልባረር።"

ሚስትየዋ የደላላውን ስልክ ተቀብላ ፎቶውን አየች፣ ከዚያ ክፍሉን አየች። "ተዋት እስቲ" አለች። "እውነቱን ለመናገር አሁን ገና ነው የክፍሉ ስፋት የገባኝ። ሰው ሲቆምበት።"

የእኔም ስልክ ጮኸ። እናቴ ናት፣ ገጹን ከእኔ እኩል ነው የምትከታተለው። "ፀጉርሽ አምሯል" አለች። "እሱ የታል?"

"አራት ሰዓት ነበር እማዬ።"

ነግሬሽ ነበር ብትለኝ እዚያው እወድቅ ነበር። አላለችም። "ከቦታሽ እንዳትነቃነቂ" አለች። "ፎቶው ላይ እጅሽ እዚህ ነኝ እያለ እግርሽ ሌላ ቦታ እንዳይገኝ።"

አልተነቃነቅኩም። ደላላው ያወራል፣ ሴትዮዋ ትወለውላለች፣ እኔ በሩን አያለሁ። አውቶቡሱ ወጥቶ ቢሆንስ? ስልኩን ባያይስ? እግሬ ደነዘዘ። ከዚያ ደረጃው ላይ የሩጫ ድምፅ ተሰማ፣ በሩም ተበርግዶ ተከፈተ፤ አንድ ትልቅ ሻንጣ ትከሻው ላይ ያንጠለጠለ ሰውዬ ቁና ቁና እየተነፈሰ ቆመ።

አላወቅኩትም! ጉድ እኮ ነው፣ ያን ሁሉ ጊዜ ያየሁትን ሰው አላወቅኩትም። የማውቀው ጠባሳው በግራ ቅንድቡ ላይ ነው፣ የዚህ ሰውዬ በቀኙ ነው። ሌላ ሰው መጣ ብዬ ልቤ ስንጥቅ አለ። ደንግጬ ወደ መስታወቱ ዞርኩ፤ እዚያ፣ ከእኔ ጎን፣ ጠባሳው በግራ ቅንድቡ ላይ ሆኖ፣ እሱ ራሱ ቆሟል።

"ባለጉልበቱ!" ብዬ ጮህኩ።

"ምን?" አለ። ድምፁ ካሰብኩት ወፍራም ነው። "ሰዓቱን እኮ ገልብጬልሽ ነበር። ቀጥ ብሎ እንዲታይሽ።"

"እኔም መልሼ ገለበጥኩት።"

ሻንጣውን ወለሉ ላይ አስቀመጠ። ከዚያ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ፣ ሴትዮዋም ባልዲዋን አስቀምጣ ሳቀች። አውቶቡሱ መነሻው ላይ እያለ ነው ፎቶውን ያየው፤ ሻንጣውን ከላይ አስወርዶ፣ ሹፌሩ እየተሳደበ ወርዷል። የሚቀጥለው ነገ ነው። አዲሱ ሥራ አንድ ቀን ይጠብቀዋል፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ እናያለን አለኝ። "እናያለን" ነው ያለው፣ "አያለሁ" አላለም፤ ልብ ብያለሁ።

ደላላው ሁለቱንም ስልኮቹን ኪሱ ከተተ። "በቃ፣ እኔ ነኝ ያገናኘኋችሁ" አለ። "ድርሻዬ አይቅርብኝ። አሁን ግን ያንን ፎቶ ቀይሩልኝ፣ በእናታችሁ።"

ቀየርነው። ካሜራውን ከሻንጣው አውጥቶ ተከለ፣ መጥቶ ከጎኔ ቆመ፣ መስታወቱን አየን። ግድግዳውን አላቀናሁም፣ ሰማዩን አልነካሁም፣ ከመስታወቱ ውስጥ ማንንም አላጠፋሁም። እንዳለ ለጠፍኩት።

ወዲያው ስልኬ ጮኸ። እናቴ ሰላም እንኳ አላለችኝም።

"እጅጌው ዛሬም አልተሰፋም" አለች። "ይዘሽው ነይ።"